ባለቤቴ በሰው ድንኳን ስለምታለቅስበት ጉዳይ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ስለሺ፣
የታች ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፤
ጉለሌ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ልብዎ እንዴት ነው? ባለፈው ኅዳር ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ያን ዳገት ወጥተው የልጄን የመሳይን ሞት ሊያረዱኝ ሲመጡ ትንፋሽዎ እጅግ ተቆራርጦ ስለ ነበር፣ ይዘውት ከመጡት ወሬ ይልቅ የእርስዎ ሁኔታ አሳስቦኝ እንደ ነበር አልደብቅም። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሰውን ልጅ ሞት ከሩቅ ሰምቶ ለወላጁ ለማድረስ የእርስዎን ያህል የሚፈጥን ሰው ሰፈራችን ዳግም አያገኝምና።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎም የሠሩትን በአደባባይ ስለ ሠሩ ነው። ላልሰማ ለማሰማት ያህል፣ ልጄ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ በመንገድ ላይ ሞቷል ተብሎ መርዶ መጣልኝ። ባለቤቴ ጽጌረዳ እሪ ልትል አፏን ስትከፍት «ዝም በይ፤ ያየ ሰው የለም» አልኳት፤ ዝም አለች። እድሩ የላከውን ድንኳንም በመጣበት ትከሻ መለስኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩ ዋና ሥራ እኔን መጠየቅ ሆኗል። በታክሲ ሰልፍ፣ በወፍጮ ቤት፣ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ልገዛ በቆምኩበት ሳይቀር፣ ትልቁም ትንሹም ጥያቄ ይወርድብኛል። እኔ ደግሞ አንዱን መልስ ለመቶ ሰው የምደግምበት ትንፋሽ ስለሌለኝ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መመለስ መርጫለሁ። ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ ፊደልን በጎሚስታ ቤቴ ግድግዳ ከተለጠፈ ጋዜጣ ያጠናሁ ሰው ነኝና፣ ስህተት ያገኙ እንደሆነ በቀይ ያስምሩበት፤ ማስመር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ፤ «ለምን አላመንክም?» ለሚሉኝ።

ያየ ሰው አምጡልኝ ብዬ ነበር። የመጣልኝ ይህ ነው፤ ለእርስዎ የነገረዎት በሸጎሌ የከብት ገበያ የሚውል ደላላ ነው፤ ለደላላው የነገረው የእህቱ ባል ነው፤ የእህቱ ባል የሰማው ማላዊ ካለ ልጅ በስልክ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ከሞቱት መካከል «አንድ ረጅም የጉለሌ ልጅ አለበት» ሲባል ሰምቷል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ጉለሌ ረጅም ልጅ የወለድኩ እኔ ብቻ መሆኔን ስለ መሰከሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዕድሜዬን ጎማ ስጠግን ኖሬያለሁ። የተነፈሰ ጎማ ሁሉ የፈነዳ አይደለም። ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን ሳያይ «ይህ አለቀለት፣ ጣሉት» የሚል ጎሚስታ አንድም ደንበኛ አይኖረውም። እድር ሲሆን ግን ሊቀመንበር ይሆናል መሰለኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቴሌግራሙ የማቀርበው ምስጋና።

ድንኳኑ ቢመለስም እድራችን ተስፋ አልቆረጠም። የልጄን ፎቶ በሁለት ሻማ መካከል አድርጎ በእድሩ ቴሌግራም ላይ አወጣው። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘኪያ በስልኳ አሳየችኝ። ፎቶው በሰርግ ላይ ከጓደኛው ጋር የተነሣው ነው። ጓደኛውን ቆርጦ ያወጣው ሰው ግን እጁን ልጄ ትከሻ ላይ ረስቶታል። ባለቤት የሌለው እጅ ትከሻው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የልጄን ፊት ለማስታወስ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ያ እጅ ነው፤ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሆኖም ወዴት ሊወስደው እንደያዘው አላውቅም።

ከፎቶው ሥር ብዙ ሕዝብ «ነፍስ ይማር» ብሎ የተጋጠመ መዳፍ ለጥፏል። አንዱ ብቻ ሳያስበው ይመስላል የሚስቅ ፊት ለጥፏል። ከሁሉም እሱን ወደድኩት፤ ቢያንስ መሳሳቱ ያስታውቃል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥቃቅን ጥያቄዎች።

«ጢምዎን ለምን በየቀኑ ይላጫሉ?» ትላለች ወይዘሮ ዘኪያ፤ «ጋሼ፣ ምላጭ በጅምላ ላምጣልዎት እንዴ?» ሐዘንተኛ ጢሙን ያሳድጋል። እኔ አንድ ቀን ሳልላጭ ብወጣ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ «መሸሻ አመነ» ተብሎ ሰፈሩ አግዳሚ ወንበር ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ እላጫለሁ። ቆዳዬ ስስ ወረቀት ሆኗል።

«በሕልምህ መጣ?» ለሚሉኝ፣ መጥቷል። በሕልም የመጣ ሙት ዝም ካለ ይህ ነው፣ ከተናገረ ያ ነው እያላችሁ ስትተነትኑልኝ ከርማችኋልና የተናገረውን ልንገራችሁ። «አባ፣ ክሪኩን የት አደረግኸው?» አለኝ። መኪና የሚያነሣ ክሪክ። ሞቶ ከሆነ ምን ያደርግለታል? በሕይወት ካለስ የቆመች መኪና ሥር ነው ያለው ማለት ነው? ይህን የሚፈታ ባለሙያ ከመካከላችሁ ካለ በሬ ክፍት ነው።

«ብቻህን ምን ትላለህ?» ላሉኝም፣ «አቤት» እላለሁ። ጓሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ «አባ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ይጠራኛል፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። ዘወር ስል ልብስ የምታሰጣው ባለቤቴ ብቻ ናት። እሷም የሰማች መሆን አለመሆኗን አልጠየቅኋትም፤ አልሰማሁም ካለች ያበድኩ እኔ ነኝ፣ ሰማሁ ካለች ደግሞ የባሰ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ታላላቅ ጥያቄዎች።

«ከአምላክ ጋር ተጣላህ ወይ?» ብላችሁ አስታራቂ የላካችሁልኝ ወገኖች፣ እግራችሁን አታድክሙ። ከእሱ ጋር የሚያጣላኝ ነገር የለም። እሱ ስለ ልጄ ምንም አልነገረኝም፤ የነገሩኝ አቶ ስለሺ ናቸው።

«ሰው ሲሞት ወዴት ይሄዳል?» ላለኝ ወጣት ሰባኪ የምሰጠው መልስ አላውቅም የሚል ነው። እኔ ሰው በሕይወቱ ሳለ ወዴት እንደ ሄደ እንኳ ማወቅ አልቻልኩም።

አምስተኛ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጉዳይ።

በቀደም ዕለት ቶለሳ የሚባል ጎልማሳ ከሸጎሌ ድፎ ዳቦ ይዞ ቤታችን መጣ። አባቱ ዕድሜ የጠገቡ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ተቀብረው መሰንበታቸው ነው። «አባባ» አለኝ፣ «እናታችንን ለማመስገን ነው። አባታችንን እንደ እሳቸው ያለቀሰላቸው ሰው የለም፤ እኛ ልጆቹ እስክናፍር ድረስ። ለመሆኑ ሟችን በምን ያውቋቸው ነበር?»

እኔ ባለቤቴን አየኋት። እሷ ዳቦውን አየች። «በገበያ» አለች። ጽጌረዳ በዕድሜዋ በሬ ገዝታም ሸጣም አታውቅም።

ወይዘሮ ዘኪያን ስጠይቃት ሚዛኗን አስቀምጣ ሳቀችም አዘነችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ያልሰሙት። የትም ሰፈር ጡሩምባ ከተነፋ ከሟቹ ዘመድ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ከቤትዎ ከለከሏት፤ ታዲያ የት ሄዳ ታልቅስ?»

በሌላ ቀን ጥቁር ሻሿን በዘንቢል ደብቃ ስትወጣ ተከተልኳት። ሽሮ ሜዳ ሄደች። የሞቱት የአንድ ሸማኔ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ አሮጊት። እሷ ገብታ ከሴቶቹ መካከል ቆመች። እኔ ከድንኳኑ ሸራ ውጭ ቀረሁ። ድምፅዋን ከሸራው ጀርባ ስሰማ መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ስንት ዘመን አብሬያት ስኖር እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ሰምቼ አላውቅም።

እራትህን ሳትበላ የወጣህ ልጄ ሆይ፣
ይህ ሁሉ ሰው መጥቶ አንተ ብቻ ቀረህ ወይ?

ከጎኔ የቆሙ ሁለት ሰዎች ግራ ተጋብተው ይንሾካሾኩ ነበር። «እኚህ ሴትዮ የማን ወገን ናቸው?» «ከሟቿ ጋር አብረው ያደጉ ይሆናሉ።» «ታዲያ አሮጊቷን ልጄ ይሏቸዋል እንዴ?» «ዝም በል፤ ሐዘን ያደናግራል።» ከዚያ ግን ድንኳኑ በሙሉ አብሯት አለቀሰ። የአሮጊቷ ልጆች ሳይቀሩ እናታቸውን ትተው የእኔን ልጅ አለቀሱ፤ ስሙን ሳያውቁ።

አንድ ደግ ሰው ወንበር ይዞ መጣልኝ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት አባቴ፤ ምንዎ ናቸው?» አለኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ለማንም ጥያቄ መልስ አላጣም የምል ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ወንበሩን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች። ሒሳብ የሁለት ሰው ስከፍል ረዳቱ «ከማን ጋር ነዎት?» አለኝ፤ በጣቴ አሳየሁት። እሷ አልዞረችም።

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ አሁን ሁለት መሳዮች አሉ። አንዱ ሞቶ እናቱ በሰው ድንኳን የምታለቅስለት ነው። ሌላው በሕይወት ኖሮ አባቱ ቆዳው እስኪሳሳ ጢሙን የሚላጭለት ነው። በዚያች ጠባብ ቤት ሁለቱ ሲተላለፉ ይሰማኛል። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ እንግዲህ ከእኛ ተምረው ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ የማመለክተው ይህን ነው። ድንኳኑን መልሰው ይላኩልኝ። በወሬዎ አምኜ አይደለም፤ ያየ ሰው እስካላመጡልኝ ድረስ አሁንም አላምንም፣ ወደፊትም አላምንም። ነገር ግን ጽጌረዳ የራሷ ደጅ እያለ ሙት ፍለጋ በየሰፈሩ ስትንከራተት ማየት ይብቃኝ። ልጇን በስሙ ጠርታ ታልቅስ።

ጡሩምባ ነፊው ግን እርስዎ የሚሰጡትን ሳይሆን እኔ የምሰጠውን ቃል ይናገር። ቃሉም ይህ ነው፤ «ወይዘሮ ጽጌረዳ ልጃቸውን ያለቅሳሉ፤ አቶ መሸሻ ልጃቸውን ይጠብቃሉ፤ ለሁለቱም ድረሱላቸው።»

በእድሩ ደንብ እንዲህ ያለ ነገር የለም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ደንቡ የሚያውቀው የሞተ ሰው ብቻ ስለሆነ አልወቅሰውም። ድንኳን ውስጥ የምትገቡ ለእሷ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» በሉ። እኔ ከድንኳኑ ደጃፍ ጢሜን ተላጭቼ እቀመጣለሁ፤ ለእኔ «በደኅና ያምጣልህ» በሉኝ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ንፍሮ አይሰጠውም።

ለእኔ ብለው ስላባከኑት እንቅልፍ፣ ስለ ወጡት ዳገት፣ ስለ ቆረጡት ፎቶም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጤናና ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ መርዶዎን በሙሉ አክብሮት መልሼ ድንኳንዎን በሙሉ አክብሮት የምጠባበቅ፣

መሸሻ ኢታና
የቀድሞ ጎሚስታ፣ የእድሩ ነባር አባል

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ለጡሩምባ ነፊው፣ ጮክ ብሎ ያነብ ዘንድ

ሳልረሳው፤ ልጄ በሦስቱ የለቅሶ ቀናት መካከል ደርሶ፣ ያን ሁሉ ሰው አይቶ «አባ፣ ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እንዳይደነግጥ «አቶ ስለሺ ናቸው» ልለው ወስኛለሁ። ድንገት ብቅ ብለው ውሸታም እንዳያደርጉኝ እባክዎ ከኋለኛው ረድፍ ይቀመጡ። አይፍሩ፤ በወሬ የሞተ ሁሉ አይቀበርም።