ጥንቸሏ ያልነካችው ቡና

ለእህቴ ለእትዬ አበባየሁ፣

ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የደብረ ብርሃን ብርድስ ለመድዎት ወይስ እንደበረታ ነው? ጋሼ ዲበኩሉና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ከቡናው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ኡካ መንደር ያለው፣ እናታችን በእጇ የተከለችው ቡና እየደረቀ ነው። ባለፈው ወር ማሳው ስደርስ ጎረቤታችን ሸዋንግዛው የሞተች ጥንቸል በጆሮዋ አንጠልጥሎ ጠበቀኝ። «ጋሼ መክብብ፣ ሌባዎ ይችውልዎ! አጥምጄ ያዝኩልዎ» አለኝ። ባለቤቴ ገለኔ አመሰገነችው። እኔ ቢላዬን አውጥቼ ወደ ግንዱ ሄድኩ።

ጥንቸል ችግኝ ትበላለች፣ አልክድም። ስትቆርጥ ግን በስለት እንደተቆረጠ አጋድማ ነው፤ በጠጧን ጥላ ትሄዳለች፤ ችግኙም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ወፍራም ግንድ የምታደርቅበት ምን ጥርስ አላት? የእኛ ቡና መድረቅ የጀመረው በአንድ ጎኑ ነው፤ ፍሬው ሳይበስል ቅርንጫፉ ላይ ቀርቷል። ቅርፊቱን ስልጠው ውስጡ ጠቁሯል። ግንድ አድርቅ የሚሉት ፈንገስ ነው። ጥንቸል ሰው ሲመጣ ትሸሻለች፤ ይህኛው የሚመጣው ከሰው ጋር ነው። ገጀራ ላይ ተቀምጦ ይመጣና ግንዱ በተጫረበት ይገባል፤ ከገባ አይወጣም።

የማን ገጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። ዓምና ለምንጣሮ ደቦ ስንጠራ የሸዋንግዛው የላይኛው ማሳ ታሞ ነበር። የደረቀውን ቆርጦ ለማገዶ ሸጠና ዝም አለ። ቡናው የታመመበት ሰው ሌላ ማሳ ከመግባቱ በፊት ገጀራውን እሳት ያሳያል። እሱ ግን ሳያሳይ በዚያው ገጀራ እኛ ማሳ ለደቦ ገባ፤ ቢያሳይ ሰው ምን ሆነህ ይለው ነበራ።

ሳኮርፈው ኦቦ ጅራታን ሽማግሌ ላከብኝ፤ ያውም ጥፋቱን ሳያምን፣ «በጥንቸል ነገር አንቀያየም» ብሎ። እርስዎም በስልክ «ይቅር በለው፣ ሰላምም በልልኝ» አሉኝ። እትዬ፣ እርስዎ ሲዳሩ የተተከለችውንም ቡና ነቅዬ አቃጥያለሁ።

የሸዋንግዛው የታችኛው ማሳ ግን እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው። ለቅዳሜ ደቦ ጠርቷል፤ ሳያፍር እኔንም ጠራኝ። እሄዳለሁ። የእኛን የታመመ ቡና የቆረጥኩበት ገጀራ እንደነበረ በራፍ ላይ ተሰክቷል፤ እሳት አላሳየሁትም። በስልክ ያልነገርኩዎ እንዳያስቆሙኝ ነው። ይህ ሲደርስዎ ቅዳሜ አልፏል።

ጋሼ ዲበኩሉን እጅ እነሳለሁ። ፋሲልንና መሲን ሳሙልኝ። ገለኔ ጉንጭዎን ትስማለች፤ ያሰብኩትን አልነገርኳትም። ለሸዋንግዛው የላኩትን ሰላምታ እስካሁን አላደረስኩም። ቅዳሜ ይዤለት እሄዳለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ መክብብ
መቱ፣ መስከረም 9 ቀን 2016 ዓ.ም.