ዘጠኝ ላይ ማቆም

ለምወድህ ወንድሜ ለኔቪል፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይወጋኛል ያልከኝን አልረሳሁትም፤ ሐኪም ዘንድ ሄድክ ወይስ እንደ ልማድህ ቅባት ቀብተህ ተውከው? ሮዝሊን ደህና ናት? ቴጋን ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እናንተ ዘንድ፣ ከምድር ወገብ ወዲያ፣ ሙቀቱ ሊገባ ነው፤ እኛ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን መስታወት መፋቅ ጀምረናል። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሞሪስም ደህና ነው፤ ወገቡን የሚያመው ትራክተር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው፣ ነገር ግን ከትራክተር የሚወርድበት ቀን የለም። እማዬ በመጦሪያው ቤት ምግቧን በደንብ ትበላለች። በሄድኩ ቁጥር «ኔቪል ሐሙስ ይወዳደራል?» ትለኛለች። ይወዳደራል እላታለሁ።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩልህ በምክንያት ነው። ልጅህ ላክላን ከኛ ተመልሶ አሁን እናንተ ቤት ነው፤ ስልኩን እሱ ባያነሳው እንኳ አንተ ድምፁን ከፍ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። ይህን እሱ እንዲሰማ አልፈልግም። ስለዚህ ጋራዥህ ገብተህ ብቻህን አንብበው፣ ከዚያ ለሮዝሊን ንገራት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በመሀል ተነስቼ የስታዲየሙ በር መቆለፉን ላረጋግጥ ሄድኩ፤ ራሴ እንደቆለፍኩት እያወቅሁ።

የሞተር ብስክሌት ክለባችን እንዴት ነው ብለኸኝ ነበር። የሐሙስ ማታ ውድድር ቀርቷል። ከሦስተኛው ኩርባ ጀርባ ያለው ሜዳ አሁን ቤት ተሠርቶበታል፤ ሰዎቹ ቤቱን ከገዙ በኋላ ነው ሞተር የሚባል ነገር እንዳለ የሰሙት። ማዘጋጃ ቤቱ እሑድ ከሰዓት ብቻ ሩጡ አለን። ኪራዩን የሚጋሩን የውሻ እሽቅድምድም ሰዎች ስታዲየሙን ለቀው ስለወጡ ኪራዩ በሙሉ እኛ ላይ ወደቀ። አምቡላንስ ሁለት ካልቆመ ዳኛው የመጀመሪያውን ሩጫ አያስነሳም። ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ በአጥሩ ዙሪያ የሚነፋው የአየር ትራስ፣ ሁሉም በየዓመቱ ይጨምራል። ክለቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ግን የመግቢያውን ዋጋ መጨመር አልችልም። በሩ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሰውዬ አራት ልጆች አስከትሎ መጣና የዋጋውን ሰሌዳ አነበበ፣ ልጆቹን ዞር ብሎ ቆጠረ፣ እንደገና አነበበ። ከዚያ «ልጆች፣ ዛሬ ዳክዬ ነው የምንመግበው» አላቸውና ይዟቸው ተመለሰ። ጠርቼ በነጻ ላስገባቸው አሰብኩ። ከኋላቸው ሙሉውን ሊከፍል ገንዘቡን የያዘ ሌላ ቤተሰብ ቆሞ ነበር።

አራት እሑድ ደግሞ ዝናብ ወሰደብን። አንዱ የሞሪስ ጥፋት ነው፣ ራሱም ያምናል። አቧራው የጎረቤቶቹን የተሰጣ ልብስ እንዳያበላሽ ብሎ ቀዩን ጠጠር ቀትር ላይ አጠጣው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ፣ ሜዳው ገንፎ ሆነ። ከፖላንድ በአውሮፕላን የመጣው ተወዳዳሪያችን የራስ ቁሩን ሳያጠልቅ ተመለሰ።

እንዲህም ሆኖ ወቅቱን የጨረስነው በላክላን ነው። ይህን አባቱ ስለሆንክ አይደለም የምልህ። በሚያዝያ ሲመጣ እንደ ማንኛውም ልጅ ነበር፤ በሰኔ ሰው የሚመጣው እሱን ለማየት ሆነ። በውጭ በኩል አጥሩን እየታከከ ነው የሚያልፋቸው። ሥጋ ሻጩ ስፖንሰር የሆነን እሱን አይቶ ነው። አንተ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አማካይህ ከስድስት አልፎ አያውቅም፣ ማንም ሊወስድህ አልመጣም፤ ልጅህ ግን በአንድ በጋ ስምንት አፋፍ ላይ ደረሰ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። ሮዝሊን ደንቡን አልገባኝም ስላለችኝ እንዲህ ብለህ አስረዳት። አንደኛ የወጣ ሦስት ነጥብ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ፣ የመጨረሻው ባዶ ያገኛል። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በአራት ሩጫ የሚያገኘው ነጥብ የዓመት አማካይ ይያዛል። የሰባቱ ተወዳዳሪዎቻችን አማካይ ሲደመር ከተወሰነው ልክ ካለፈ፣ ለከርሞ አንዱ መውጣት አለበት። ባለጸጋው ክለብ ጎበዞቹን ሁሉ እንዳይሰበስብ ነው የተባለው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን፣ ያሳደግነውን ልጅ ገና ሲያድግ ይወስድብናል። ላክላን ስምንት ከሞላ ድምራችን ከልኩ ያልፋል፣ እሱ ይሄዳል፤ ካልሞላ ይቀራል።

ከመጨረሻው ውድድር በፊት ቅዳሜ ዕለት ወጥ ቤት ተቀምጬ በእርሳስ አሰላሁት። እሱ ቶስት ላይ ባቄላ አድርጎ ይበላል። «ዘጠኝ» አልኩት። «ዘጠኝ ምን፣ አክስቴ?» አለኝ። ነገ በአምስቱ ሩጫ ከዘጠኝ ነጥብ ካላለፍክ ለከርሞ የኛ ነህ አልኩት። ሳቀና «ካለፍኩስ?» አለ። «ካለፍክማ ሌላ ሰው ባቄላህን ይቀቅልልሃል» አልኩት። ሞሪስ ከጋዜጣው ቀና ብሎ «ጌይነር፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» አለኝ። እኔ የነገርኩት ቁጥር ነው ብዬ መለስኩለት። አሁንም ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ቁጥር ነው የነገርኩት።

እሑድ ተጋጣሚዎቻችን ብራክስተኖች መጡ። ፀሐይ ነበር፤ በዓመቱ ካየነው ሁሉ የበዛ ሰው ነበር። ላክላን በአራቱ ሩጫ አንድ አንደኛ፣ ሦስት ሁለተኛ ወጣ። ዘጠኝ ሆነ። ሁለተኛ ሲወጣ እውነት ተበልጦ ነው፣ ማንም አልጠረጠረም። ከአሥራ አራት ሩጫ በኋላ እኩል ነበርን፣ አርባ ሁለት ለአርባ ሁለት። ለመጨረሻው ሩጫ እሱንና አምበላችንን አስገባሁ። ሌላ ማን ላስገባ?

የመነሻው ገመድ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ሦስት ዙር ሙሉ ብቻውን ነበር፤ አምበላችን በሁለቱ ብራክስተኖች መሀል ሦስተኛ ነው። ሰው ሁሉ ቆሟል። በመጨረሻው ኩርባ ላክላን ራሱን አዙሮ ወደ ኋላ አየ። እኔ ይህን አይቻለሁ ኔቪል፤ የሚከተለውን ሰው ርቀት የሚያይ ሰው አስተያየት አልነበረም። ከዚያ ወደ ውጭ ተንሳፈፈ፣ የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ሦስቱም አለፉት። አርባ አራት ለአርባ ስድስት ተሸነፍን።

ከተመልካቾቹ ደረጃ ላይ አንዱ «ላክላን፣ ፍሬን ያስገጠምከው መቼ ነው?» ብሎ ጮኸ። የኛ ሞተር ፍሬን እንደሌለው የማያውቅ ሰው እዚያ የለም፣ ሳቁ ሜዳውን ዞረ። ሌላው ቀጠለና «ተወው፣ አክስቱ ቤት ሰዓት ደርሶበት ነው» አለ። ይህን የተናገረው ሃያ ዓመት ባልዲ ይዞ ለክለቡ መዋጮ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው።

በሞተሮቹ ማቆሚያ ያለው ስልክ ጮኸ። ዳኛው ከላይ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ «ጌይነር፣ የልጁ ሞተር ምን ነካው?» አለኝ። ላክላን ሦስት እርምጃ ርቆ ጓንቱን እያወለቀ ያየኛል። «ካንዴላው ነው» አልኩ። ዳኛው «እሺ» አለና ዘጋው። እንዲህ ቀላል ነው።

ስንወጣ ዶሪን ብሬይ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ታስታውሳታለህ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የምትቆመው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የምትመጣው፤ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። የውድድሩን ወረቀት ዘርግታ ይዛለች። የአሥራ አራቱን ሩጫ ውጤት እንደ ልማዷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞልታዋለች፣ የመጨረሻው ሣጥን ግን ባዶ ነው። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?» አለችኝ። «አርባ አራት ለአርባ ስድስት ነው ዶሪን» አልኳት። «እሱንማ ሰሌዳው ላይ አይቼዋለሁ። እኔ የምጠይቅሽ ምን ልጻፍ ብዬ ነው» አለች። እስክሪብቶዋን ከደነችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ቤቷ የስልሳ ስድስት ዓመት ወረቀት አለ፣ ይኸኛው ሳይሞላ ነው የሚቀመጠው።

ላክላንን ሞተሩን ሲያጥብ አገኘሁት። ምን ማድረግህ ነው ስለው «ዘጠኝ ብለሽኝ የለ?» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ከሄድኩ ለከርሞ በሩን እንኳ አትከፍቱትም፣ አክስቴ። ሞሪስ ለማን ነው ሜዳውን የሚያጠጣው?» በነጥብ እንደሚከፈለው ታውቃለህ፤ የጣለው ከራሱ ኪስ ነው። ከላይኛው ዲቪዚዮን አንድ ክለብ ጠይቆታል፣ ጥሩ ክለብ ነው፣ መካኒክ ያቀርቡለታል። «ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ፣ የኔ ቦታ እዚህ ነው» አለኝ። ከዚያም ሞተሩን ማጠቡን ቀጠለ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ሃምሳ ስድስት ነኝ፣ ከሁለታችን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሞሪስ ምንጣፉን ጨረስሽው ይለኛል። ነገሩን ከየትኛውም በኩል ባነሳው ያው ነው። ላክላን ከሄደ ሥጋ ሻጩ ይቀጥል አይቀጥል አላውቅም። ሃያ የነበረውን ውድድር ወደ አሥራ አራት አወርደዋለሁ፤ ከዚሁ ከአካባቢው ያሉ፣ ከሥራ ወጥተው ሞተራቸውን በቫን ጭነው የሚመጡ ልጆች እሰበስባለሁ። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ርካሽ ናቸው። ምናልባት በሰኔ እንዘጋለን። ላክላን ከቀረ ደግሞ በሩ ይከፈታል፣ ነገር ግን ሁለተኛ በወጣ ቁጥር ሰው የሚያየው እጁን ነው፣ ጋዙን ለቀቀ ወይስ አልለቀቀ እያለ። ሰው ያንን ለማየት አይከፍልም። እኔም አልከፍልም።

ትናንት ቆርጬ ለዳኛው ደወልኩለትና ካንዴላው ደህና ነበር አልኩት። «ጌይነር፣ ወቅቱ አልቋል፣ ወረቀቱ ተልኳል፣ እኔ ድንች እየቆፈርኩ ነው» አለኝ። ስለዚህ ከዚህ በኩል የሚያግደን ሰው የለም። መዝገቡ ላይ ላክላን ከስምንት በታች ነው። የሰባቱን ስም የማስገባው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው።

የምለምንህ ይህን ነው። እሱ ይጠይቅሃል፤ ለከርሞ ወደ አክስቴ ልመለስ ወይስ ልሂድ ይልሃል። ሂድ በለው። የዚያን ክለብ ወረቀት ከፊትህ እንዲፈርም አድርገው። እኔ ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም፤ ክብሯ ተነክቶ ነው የምትለው ብሎ ለሞሪስ ነገረው። እኔ አልኩ አትበለው። አንተ አባቱ ነህ፣ በዚያ ላይ ራስህ ጋልበሃል፤ ያንን ኩርባ ንገረኝ ብለህ ጠይቀው፣ ከዚያ ዝም በልና እስኪነግርህ ጠብቀው።

እኔ እምቢ እለዋለሁ ብለህ ግን አትመንብኝ። ሻንጣውን ይዞ በሬ ላይ ከቆመ ስሙን አንደኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ራሴን ስለማውቅ ነው የምነግርህ። ስለዚህ ከዚያው አስቀረው።

ለሮዝሊን ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ለቴጋን፣ ፈተናው ጥሩ ሆነም አልሆነም እዚህ መጥታ መክረም ከፈለገች ክፍሉ ባዶ ነው በልልኝ። ለሽማግሌው ውሻህም ሰላም በልልኝ፣ በሕይወት ካለ። ሞሪስ የትራክተሩን ፎቶግራፍ ካልላክን ብሏል፣ አልላኩትም። እማዬ ስማሃለች።

ላክላንን ሳምልኝ። ኩርባ ሲዞር መሬት ለመሬት እንድትንሸራተት ግራ እግሩ ላይ የሚያጠልቃትን የብረት ጫማ እዚሁ አልጋው ሥር ትቷት ሄዷል፤ ረስቶ አይደለም፣ ተወዳዳሪ እሷን አይረሳም፤ ተመልሶ ሊያጠልቃት ነው የተዋት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጥቅል ልኬያታለሁ። ስትሰጠው ምንም አትበለው።

እህትህ ጌይነር

ስኬልብሪጅ፣ እንግሊዝ
ኦክቶበር 14 ቀን 2024