ጥሩምባው ዝም ያለ ቀን

ኅዳር 7፣ ጠዋት
ሞደሟ ዛሬም አኩርፋለች። ሲም ካርዱን አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስሁ። ላፕቶፑ አንዴ ያያታል፣ አንዴ ይክዳታል፤ እንደ እንጅባራ ፀሐይ። ደብተሬ፣ የማታኮርፊው አንቺ ብቻ ነሽ። ቻርጅም አትጠይቂ።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አያ ታከለ ናቸው፤ ያሳደጉኝ አጎቴ። ሰው ሲሞት ሰፈሩን ዞረው ይነፋሉ። ዘንድሮ ደረታቸው እያፏጨ ዳገቱ እምቢ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አለኸኝ የለቅሶ ጥሪ በሞደም፣ በቴክስት ይላክ ብለው ሥራውን ለእኔ፣ ት/ቤት ከስምንተኛ ላቋረጥሁት፣ ሰጡ። ሞባይል ስለምጠግን ኢንጅነር መስያቸው።

አያ ታከለ ሞደሟን አገላብጠው አዩ። ይቺ ናት የምትተካኝ፣ ድምፅ እንኳ የላትም ብለው ተኙ። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው ጉንፋን ነው ይላሉ። ከክረምት ጀምሮ ጉንፋን።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት
ተሳካ። የመልእክት ማዕከሉን ቁጥር አሳስቼ ነበር። አሁን ኦኬ ትላለች። ሳምኋት። አባላቱ ቁጥሯን «እድር» ብለው መዝግበዋል። ለነገ የጻፍሁት፦ «ማንም አልሞተም፤ ሙከራ ነው።» ጋሽ አለኸኝ ሞቱ ልል ነበር፣ ተውሁት። በሞት አይቀለድም። አየሽ፣ አድጌአለሁ።

ኅዳር 9፣ 3 ሰዓት
ላክሁ። ለሁሉም።

ኅዳር 9፣ አመሻሽ
መልእክቱ የደረሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ነው። የአማርኛ ፊደል የሚያስተላልፈውን ምርጫ አልነካሁትማ። ሰው «እድር» የሚል አየ፤ የሚነበብ የለም። እድር ከላከ ሰው ሞቷል። ማን? ጥሩምባ አልተነፋም። ጥሩምባ ካልተነፋ የሞተው ነፊው ነው።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እኛ በር ላይ። ድንኳን ሳይቀር። ወደ ጫግኒ የሄደች ጎረቤታችን በሚኒባስ ደረሰች። ጋሽ አለኸኝ ደረታቸውን እየደቁ።

አያ ታከለ ጋቢ ተከናንበው ወጡ። ማን ሞቶ ነው አሉ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሳል ያዛቸው፤ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ከለቀስተኛው መሃል ነርስ የሆነች ሌላ ጎረቤታችን ጀርባቸው ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። አሁኑኑ ሆ/ል አለች። እምቢ ሊሉ ሲሉ ጋሽ አለኸኝ፦

«ልንቀብርህ መጥተን ባዶ እጃችንን አንመለስም።»

ባጃጅ። ሕዝቡ ከኋላ።

ኅዳር 10፣ ሆ/ል
የሳንባ ምች። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አለ፤ አልጨረሰውም። ዛሬ ትንፋሻቸው ረጋ ብሏል። አልጋቸው ላይ ሆነው ይመረምሩኛል። እገሌ አለቀሰ? አለቀሰ። ከልቡ? ከልቡ። አለኸኝስ? ከሁሉም ብሶ። ይስቃሉ፣ ያስላሉ፣ እንደገና ይጠይቁኛል።

ሰፈሩ ገዳይ ይለኛል። ይበለኝ። ሳታነቡ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጥያቄ ምልክቱም እግዜር ይስጥልኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ፊደሉን አስተካከልሁ፤ አማርኛ ትጽፋለች። በእድር ስብሰባ ሞደሟ ትጣል ያሉ ነበሩ። ጋሽ አለኸኝ ከአያ ታከለ የተላከ ቃል ተናገሩ፦

«ቴክስቱ ለሩቁ፣ ጥሩምባው ለሰፈሩ። ከእንግዲህ የገደለኝ ይንፋ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሺ አልሁ።

ጥሩምባው ይኸው ጉልበቴ ላይ። አፉ በእሳቸው ከንፈር ለስልሷል። እዚህ ብለማመድ ሰፈሩ አያ ታከለን ዳግም ሊቀብር ይመጣል። ስለዚህ ወስኛለሁ፦ ነገ ጥርባ፣ ሐይቁ ዳር፣ ለቀስተኛ በሌለበት። አንዴ ብቻ ግን፣ በቀስታ፣ እዚሁ ልሞክረው። ማንም አይሰማም። ነፋሁት፤ ይኸው ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ በራችን ላይ።