ሆድም የልጅ ቤት ሆነ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ የልጅ ልጅ ማግኘትህን ልነግርህና እንዴት እንደተገኘች በትክክል ላስረዳህ ነው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ተጣምሟልና፣ ወዳለህበት የደረሰ ነገር ቢኖር እንኳ አትመነው። ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አልፏል።

ሴቻ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። የመጻሕፍት ክፍልህ የሕፃን ክፍል ሆኗል። መዛግብተ ቃላትህን ከመደርደሪያው አላነሳሁም፤ ዳይፐሩ ከጎናቸው ተደርድሯል። በመስኮቱ አባያ ሐይቅ እንደ ወተት ሻይ ደፍርሶ ይታያል።

እማዬ ስለ ነፍሰ ጡር ስታወራ «ሆዷ ውስጥ ልጅ አለ» ባለች ቁጥር፣ አንተ የአማርኛ መምህሩ፣ «ሆድ የእንጀራ ቤት ነው፤ የልጅ ቤት ማህፀን ነው» እያልክ ታርማት ነበር። እሷም የጫኖ ልጅ፣ አፏን በጋሞኛ ፈትታ አማርኛን በገበያ የተማረች፣ «አንተ መቼ ወልደህ ታውቃለህ?» ትልሃለች። እኔ ሁልጊዜ ካንተ ወገን ነበርኩ።

በስድስተኛው የእርግዝናዬ ወር ታዲያ ልጅቷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ያመኝ ጀመር። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ደጋግማ አየችኝ። ምንም ሳትደብቅ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ማህፀኔ ባዶ እንደሆነ፣ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ከአንጀቴ አጠገብ እያደገ እንደሆነ፣ ደም ከፈሰሰ ሁለታችንንም ሊገድለን እንደሚችል ነገረችኝ። ባለቤቴ ዘላለም ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እማዬ ግን ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያ ሆዷ ውስጥ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አዎ ስትላት፣ «መምህር ይምጣና አሁን ያርመኝ!» አለች። ማልቀስ በሚገባን ሰዓት ሳቅን፤ ሐኪሟም አልቀረችም።

ልጅቷ እስክትጠና ሆስፒታል ተኝቼ እንድጠብቅ ተስማማን። የዘላለም ባልደረቦች ደም ለገሱልኝ። አክስቴ ከጫኖ ሙዝ እያመጣች የክፍሉን በሽተኛ ሁሉ መገበች። እኔ እንደ ልማዴ አነበብኩ። መጽሐፉ እንዲህ ያለ ፅንስ ብዙ ጊዜ እንደማይተርፍ ይናገራል፤ ያንን ገጽ ለማንም አላሳየሁም።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ እማዬ «ጮኸ! ጮኸ!» ትላለች። ወንድ የወለድኩ መሰለኝ። በአማርኛዋ ሴቱን ብዙ ጊዜ እንደ ወንድ ስትጠራ መኖሯን በዚያች ሰዓት እንዴት እንደረሳሁት! እንግዴ ልጁ አንጀቴ ላይ በመጣበቁ ሐኪሞቹ ሳይነኩት ትተውታል፤ ሰውነቴ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል ብለውኝ ለምርመራ እመላለሳለሁ። የልጅ ልጅህ ስትወለድ ሚጢጢ ነበረች፤ ዛሬ ጉንጭ አውጥታለች። ስታኮርፍ ግንባሯን የምትቋጥረው፣ አንተ የተማሪዎችህን ድርሰት ስታነብ ትቋጥር እንደነበረው አድርጋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ጎረቤት ለመናት፣ የንስሐ አባቷ መከሯት፤ «እሱ ራሱ ይንገረኝ» ብላ እምቢ አለች። በክርስትናውም ቀን «በሐዘን ልብስ ሕፃን ይዤ አልገባም፤ ደጅ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ» ትላለች። እኔ ደግሞ ልጄን አቅፋ ቤተ ክርስቲያን እንድትገባ የምፈልገው እሷን ነው፤ በእነዚያ የሆስፒታል ሳምንታት ከአልጋዬ አጠገብ ወለል ላይ የተኛችው እሷ ናትና።

ጥቁሩ ቢወልቅ የምንረሳህ አይምሰልህ። ለልጅቷ ተረት የማነብላት ከመጻሕፍትህ፣ በአንተ አነባበብ ይሆናል፤ ማን እንዲህ ያነብ እንደነበርም እነግራታለሁ።

እኔ በሕልም ብዙም አላምንም፤ እማዬ ግን ታምናለችና በእሷ መንገድ እለምንሃለሁ። በሕልሟ ናና ጥቁሩን እንድታወልቅ ንገራት። ከእሷ በተማርከው ጋሞኛ ይሁን፤ በአማርኛ ከሆነ ትከራከርሃለች። ነጭ ቀሚሷን አጥቤ ተኩሼ አስቀምጫለሁ። ክርስትናው ግንቦት ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን ነው። እባክህ አባዬ፣ ግንቦት ሃያ ሳያልፍ ና።