ውባለምን ማን ለያት?

ሰኞ

ሰላም ባለማለት ሰው ይሞታል? ዛሬ ሙሉ ቀን በምሠራበት ሱቅ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የጠየቅሁት ይህንን ነው። የሰው መታወቂያ ገልብጬ አወጣሁ፣ ወረቀት አበላሸሁ፣ ደንበኛ ጮኸብኝ።

ውባለም ትናንት እናቷ ባሉበት ከተማ፣ አማኑኤል ተቀበረች። ራሷን ነው ያጠፋችው። ጉባኤያችን ውስጥ ሁሉም «ድንገት ታማ» ይላል፤ እኔ ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። ነርስ ጎረቤቴ «አንድ ምክንያት ብቻ አይኖረውም፣ ሕመምም አለበት» አለችኝ። ይሁን። ታማም ከሆነ በር የዘጋንባት እኛ ነን።

ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ከሁሉ በፊት የተናደድኩት በራሴ ነው።

ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ እያለን ነው የወላጆቻችንን ሃይማኖት ትተን ወደዚህች ትንሽ ጉባኤ የገባነው። ዘንድሮ አባቷ ሞቱ። ለተዝካራቸው አማኑኤል ሄደች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከእናቷ ጎን ቆመች፣ ከድግሱም በላች። አንዱ አይቶ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። «በጉባኤ ፊት ንስሐ ግቢ» አሏት። «የአባቴን እንጀራ ነው የበላሁት፤ ምኑ ነው ንስሐው?» አለች።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተነበበ፦ «እህታችን ውባለም ከኅብረታችን ተለይታለች። እስክትመለስ ማንም ሰላምታ እንዳይሰጣት፣ አብሯትም እንዳይበላ።»

ያንን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ በሱቃችን ኮምፒውተር። ስለ ፍጥነቴም አመሰገኑኝ።

ማክሰኞ

ወንድም ታደለ ሱቅ መጡ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ናቸው። እሁድ የሚነበብ ጽሑፍ በእጃቸው ጽፈው አመጡ። «እህታችን ውባለም በሞት ተለይታናለች። ስለ ሁኔታው ማንም እንዳያወራ። ለቅሶ መሄድም አያስፈልግም።»

ተለይታናለች! ያኔም ተለይታለች፣ አሁንም ተለይታናለች። ልጅቷ በገዛ እግሯ ተነስታ የሄደች ነው የምትመስለው። የለያት ሰው አረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም! አራት ዓመት ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ይህንን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ብዬ ልጽፈው?

«ለየናት» ብዬ ጻፍኩና አትሜ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እህት ሠናይት፣ እዚህ ጋ የፊደል ስህተት አለ።»

«የለም፣ ወንድም ታደለ። ስህተቱ እርስዎ ያመጡት ላይ ነው።»

«ኀዘንሽ ይገባኛል። ግን ሥርዓት አለ። ነገ አንቺም…»

«እኔም ምን? ልለይ?»

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ደስ አለኝ። ከዚያ ፈራሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእነሱ ሌላ ማንን አውቃለሁ? ቤት ያከራየኝ የጉባኤው ሰው ነው። ደብረ ኤልያስ ያሉት ወላጆቼ ሃይማኖት ከለወጥኩ ወዲህ የሚደውሉልኝ ለዓመት በዓል ብቻ ነው።

ረቡዕ

የሠራሁትን እጽፈዋለሁ፤ ማንም እንዳያቃልልልኝ። ማስታወቂያው ከተነበበ ወዲህ በነበሩት ሰባት ሳምንታት፦

– መናኸሪያው ጋ አይታኝ ፈገግ አለች። ዘልዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ «የት ልውሰድሽ?» ሲለኝ «ዝም ብለህ ንዳው» አልኩት።

– ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።

– ቲማቲም ስመርጥ ከጎኔ ቆመች። «ሠኒ፣ እሱ ፈርጧል፤ ይሄንን ውሰጂ» አለች። እልህ ይዞኝ የፈረጠውን ገዛሁ።

– በቴሌግራም «ቢያንስ ስደቢኝ» ብላ ጻፈችልኝ። አነበብኩት። ማንበቤንም አይታለች።

ለምረቃዬ ጋውኔን የተኮሰችልኝ፣ ለሥራ ፈተና ስሄድ ጫማዋን አውልቃ የሰጠችኝ ልጅ ናት።

ጉባኤ ላይ ኪቦርድ የሚጫወተው መልካሙ ወደ ሱቁ ብቅ አለ። «ወንድም ታደለን አስደንግጠሻቸዋል አሉ። ከእንግዲህ ሁሉንም በእጄ ነው የምጽፈው ብለዋል።» ሳቅሁ። መሳቄ አናደደኝ። «አንተስ ሰላም ብለሃታል?» አልኩት።

«አንድ ቀን አንገቴን ነቀነቅሁላት። ማንም እንዳላየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ» አለና እዚያው አለቀሰ። አላባበልኩትም።

ሐሙስ

አማኑኤል ልሄድ ወጣሁ። መንገድ ተዘግቷል አሉ። እስከ ስድስት ሰዓት መናኸሪያ ተቀመጥኩ። ሚኒባስ የለም። እውነቱን ልናገር? እናቷን ባለማየቴ ትንሽ ቀለለኝ። በዚህም ተናደድኩ።

ዓርብ

ደረስኩ። እናቷ እትዬ ብርቄ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ጎረቤት ለለቀስተኛው ንፍሮ ታዞራለች።

«ሠኒ የምትላት ጓደኛዋ ነሽ?» አሉኝ እትዬ ብርቄ።

«አዎ።»

«ምነው ቀረሽ ልጄ? አሞሽ ነው?»

አሞኝ ነው ማለት እችል ነበር። ራሳቸው ሰበቡን ሰጥተውኛል። «አላመመኝም፣ እትዬ። እንዳናናግራት ተነግሮን ነው። ማስታወቂያውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስትደውልልኝ አላነሳሁም።»

ንፍሮ የምታዞረው ሴትዮ ቆመች። ውጪልኝ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔም ሃይማኖቷን ስትለውጥ ለዓመታት በሬን ዘግቼባታለሁ» አሉ። «በአባቷ ተዝካር ነው የታረቅነው። ገና ሳልጠግባት።» ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ስንት ናችሁ?»

«ስልሳ እንሆናለን።»

«ስልሳ ሰው! ስልሳ ሰው አንዲት ልጅ አኮረፈ! ይምጡና እዚህ ይቀመጡ። ስሟን ጠርተው ያልቅሱላት። ንፍሮው ያረክሰናል ካሉም ውሃ አቀርባለሁ። እሱንም ከጠሉ ከየቤታቸው ይዘው ይምጡ!»

አላቀፉኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። ስወጣ ግን «ሁለተኛ ብቻሽን እንዳትመጪ» አሉኝ።

ቅዳሜ

ወንድም ታደለ ጠዋት ደወሉ። አማኑኤል መሄዴን ሰምተዋል። ይቅርታ ካልጠየቅሁ ነገ ስሜ ይነበባል። «አስቢበት» አሉኝ። «አስቤበታለሁ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም። መልካሙ ጋ ደወልኩ። «እመጣለሁ» አለ። ከቴሌግራም ግሩፑ ሳያስወጡኝ ለጉባኤው ወጣቶች ይህንን ላክሁ። እዚህም ልገልብጠው፦

«ነገ ጉባኤ ላይ ስሜ ሲነበብ እኔ የለሁም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአማኑኤል ሚኒባስ የሚጫንበት ጋ ነኝ። የውባለም እናት ሁላችንንም ለለቅሶ ጠርተውናል። ማብራሪያ አታዘጋጁ፣ ጥቅስም አትያዙ፤ ሴትዮዋ የሚፈልጉት የልጃቸውን ስም ጠርተን እንድናለቅስ ነው። ከእናንተ መሃል መኖር ያስጠላው ካለ እሁድን አይጠብቅ፣ አሁኑኑ ይንገረኝ፤ ቢከለክሉኝም ቤቱ ድረስ እመጣለሁ። ሌሎቻችሁ፣ ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል፤ እስካሁን እኔና መልካሙ ነን። እናንተስ? የምትመጡ ስማችሁን ከዚህ በታች ጻፉልኝ።»