የጋሽ ሸምሱን ሱቅ ያስተካከልኩ ሰሞን

ማክሰኞ

ጨረስን! ወገቤ የኔ አይደለም፤ ግን የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ዛሬ ሰው ሆነ። ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ቡታጅራ ሲሄዱ ቁልፉን ሰጥተውኝ «ሰው ከተቸገረ ክፈቺለት» ነበር ያሉኝ። እኔ ደግሞ እጄ ዝም አይልም። ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ሚስማርና ሻማ አንድ መደርደሪያ ላይ እያየሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ጎረቤቴን ሐያትን ጠርቼ ሦስት ቀን ገባንበት። ያልወጣ ነገር የለም፦ የፋኖስ ክር፣ የጆንያ መርፌ፣ የቧንቧ ጎሚኒ፣ የበር ማጠፊያ፣ የአይጥ ወጥመድ፣ የሕፃን ፖፖ፣ ፖፖው ውስጥ የመጋዝ ምላጭ (!)። ብረቱን ከብረት፣ ፕላስቲኩን ከፕላስቲክ። ጣሳው ሁሉ ላይ በትልቁ ጻፍኩበት። ግድግዳውንም ቀባነው።

እውነቱን ለመናገር ሱቁን እንደዛው እያለም እወደው ነበር። ስሙን የማታውቂውን ዕቃ በፌስታል ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ፤ ጋሽ ሸምሱ በእጃቸው ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉትና «ቧንቧውን አትቀይሪ፣ ጎሚኒው ነው ያለቀው» ብለው ከሆነ ጣሳ ውስጥ ያወጡልሻል። ዓለም ባንክ ሰፈር ያሉት ባለመስታወት ሱቆች ቧንቧውን ከነግንዱ ነው የሚሸጡልሽ። ነገ ሲያዩት እንዴት ደስ እንደሚላቸው!

ረቡዕ

ምን ጉድ ውስጥ ነው የገባሁት?

ጠዋት ዘመዶቻቸው በመኪና አደረሷቸው። እኔና ሐያት በር ላይ ጥርሳችንን ገልጠን ቆመናል። ገቡ፣ ቀለሙን አሸተቱ፣ ቀጥ አሉ። ወዲያው አንድ ሰውዬ ጎሚኒ ሲጠይቃቸው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱና ሻማ አውጥተው ሰጡት። ሰውየው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ማነው ቤቴን የነካው?» ብለው ጮኹ። ጋሽ ሸምሱ! በሃያ ዓመት ጉርብትና ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ፣ ላስደስትዎ ብዬ» አልኩ። «ውጪልኝ!» አሉኝ። ሰው ፊት።

ቤቴ ገብቼ ምሳም አልበላሁ። ሦስት ቀን ለፍቼ! ለሰው ሞት አነሰው ማለት ይሄ ነው።

ሐሙስ

ቁልፋቸውን ልመልስ ሄድኩ፣ እንዳኮረፍኩ። መሬት ተንበርክከው ጣሳ በጣሳ እጃቸውን እየከተቱ ይዳስሳሉ። ብሎን ነው የሚፈልጉት። ጣሳው አፍንጫቸው ስር ነው፤ «ብሎን» ብዬ በቀይ የጻፍኩበት። ንዴቴ መጣ።

«ተጽፎበታል እኮ፣ ጋሽ ሸምሱ! ማንበብ ምን ይገዳል?»

እጃቸውን ከጣሳው ሳያወጡ «ጥሩዬ፣ በምኔ ላንብበው?» አሉኝ።

አያዩም! አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፣ ሁለተኛው አምና። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ያ ዕቃ ገልበጥ ገልበጥ ማድረጋቸው፣ እኔ ሙያ ነው ስል፣ ለካ ማየታቸው ነበር። እኛንም በድምፅ ነው የሚለዩን። በየቀኑ ፊታቸው ቆሜ፣ ዓይን ያለኝ እኔ ምንም አላየሁም።

የባሰው ደግሞ ልጃቸው ነስሩ እሑድ ከአዳማ ይመጣል። «ሱቁን ለሞባይል ነጋዴ እናከራየውና እኔ ጋ ይኑሩ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። የዓይናቸውን ነገር አልነገሩትም። «ዕቃ ጠፍቶኝ ስደናበር ካየኝ አለቀልኝ» አሉኝ። «ሌላ ቤት ብሄድ ዕውር ነኝ። እዚህ ግን አልነበርኩም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አርብ

ከጁምዓ መልስ ጀመርን። እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል፣ እኔ እሸከማለሁ። መለኪያቸው ሰውነታቸው ነው። «ከበሩ ሁለት እርምጃ፣ ጉልበት ላይ ገመድ። ወገብ ላይ ማጠፊያ። ትከሻ ላይ ጎሚኒ፣ ትንሹ ወደ በሩ።» ሃያ ዓመት ዝርክርክ ስለው የኖርኩት ሁሉ ቦታ ቦታ ነበረው። ኮልፌን ዞሬ እንዲህ የተሰደረ ንብረት ክፍል አላገኝም!

ትልቁ ጥፋቴ፦ ሁለት ዓይነት ብሎን በሁለት ግማሽ ጣሳ ለምን ቦታ ይይዛል ብዬ አንድ ላይ ደፍቼዋለሁ። እኔ በመነጽር አንዱን ስለይ እሳቸው በጣታቸው አሥሩን።

ሐያት መጥታ «አብዳችኋል እንዴ? ያን ሁሉ አስተካክለን!» አለች። «እንደ ድሮው ይሁንልኝ አሉ» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ

ደንበኛ ሆኜ ፈተንኳቸው። ካቻቢቴ፣ አገኙ። የፋኖስ ክር፣ አገኙ። የጆንያ መርፌ፣ ተወጉ፤ እኔው ነኝ ገልብጬ ያስቀመጥኩት። ከአሥራ አምስት ሁለት ሳቱ።

ከልጅ እንዲህ መደበቅስ ልክ ነው? ስጠይቃቸው «እስቲ ነገን ልለፍ» ብቻ አሉኝ።

እሑድ

ነስሩ መጣ። እኔ ገመድ የምገዛ መስዬ ጥግ ቆሜያለሁ። ወሬ ሳያበዛ ከኪሱ የተሰበረ ማጠፊያ አወጣ። «አባባ፣ የዚህ ዓይነት አለ?»

ተቀበሉት። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። ሁለት እርምጃ ሄደው ወገባቸው ትክክል ካለው መደርደሪያ አንድ ማጠፊያ አወጡ። ራሱን! «ብሎኑን ግን ወፈር ያለ ውሰድ፣ ያሮጌው ቀዳዳ ሰፍቷል» አሉት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ልጁ ግን አባቱን ትቶ እኔን ነው የሚያየው። ደጅ ጠራኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ አባባ አያዩም፣ አይደል? ስገባ እጄን ለሰላምታ ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ።»

ክው አልኩ። ስለ ጣሳው ሁሉ ስናስብ ሰላምታውን አላሰብነውም!

«የጠየቅኸውን ሰጥተውህ የለም እንዴ?» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ማጠፊያውን አገላበጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ለኔ መንገር አቃታቸው?» አለ። ተመልሶ ገባና ዱካውን ስቦ አባቱ አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ኪራይ ዛሬ አላነሳም። ነገ ያነሳ ይሆን? እንጃ።

ሻይ ሊያመጣ ሲወጣ እኔ ተመልሼ ገብቼ፣ ድምፄን አጥፍቼ ጥጌ ላይ ነበርኩ፣ ሚስማሩ አጠገብ። ጋሽ ሸምሱ ወደኔ ዞሩ።

«ጥሩዬ፣ በቃ አታልቅሺ። ሚስማሩ ይዝግብኛል።»