ስለ ዳለቻ ሆድ የቀረበ ምስጋናና አቤቱታ

ለተከበሩ የመኖ ቆጣቢ ላሞች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፤ አላህ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ዓፊያ፣ ለኮሚቴዎ ደግሞ ጥቂት ማስተዋል ይስጥልኝ እያልኩ ከሐይቁ ዳር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ስድስት ዓመት ሪያድ በሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ዳለቻ የምትባል አንዲት ላም የገዛሁት ሱንዱስ አብደላ ነኝ። ሰኞ በለጠፋችሁት ዝርዝር ዳለቻ «የሆዷ ረቂቅ ተሕዋስያን ሰነፎች ስለሆኑ መኖ ታባክናለች» ተብላ ከፉርሽካ ዕደላ ተሰርዛለች፤ ለቄራ እንድሸጣትም ተመክሬአለሁ። ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. የመኖ ቁጠባ ዝርዝር ላይ የተበላው መኖ ስላልተጻፈ አመሰግናለሁ። ተሸላሚ ላማችሁ ኮከብ ፉርሽካና ፋጉሎ እንደ ልቧ በልታ በቀን አሥር ሊትር ወተት ትሰጣለች። ዳለቻ ገለባ፣ ከውሃው ዳር ያጨድኩላትን ሣርና ጎረቤቴ ለተብርሃን የምታቀብለኝን አተላ በልታ ስድስት ትሰጣለች። የትኛዋ እንደምታባክን ለተማረ ሰው ትቻለሁ።

፪. ባለሙያዎ ባጃጅ አስቁሞ፣ ከአጥር ውጭ ሆኖ የዳለቻን ሆድ ስለመረመረልኝ አመሰግናለሁ። ያንን ዓይን አላህ ይጠብቅለት።

፫. ባለፈው ወር ኮከብን ለእንግዳ እንድታምር ብላችሁ በአንድ ቀን የስንዴ ዱቄት ስታጠግቧት ማመስኳት አቁማ ተኛች። ወንዱ የሚባለው ጠባቂዋ እየሮጠ እኔ ዘንድ መጣ። አባቶቻችን እንደሚያደርጉት ዳለቻ ያመሰኳችውን ከአፏ አንድ እፍኝ ወስጄ፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት፤ ኮከብ ተግታው በሦስተኛው ቀን ተነሥታ በላች። ባለሙያዎ «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ሳቀ። ዛሬ በኮከብ ሆድ ውስጥ የሚሠሩት ግን እነዚያው የዳለቻ ሰነፍ ተሕዋስያን ናቸው። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ ኮሚቴ እንደሚያደርገው ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና ላሳውቅዎ፦ ዳለቻን አልሸጥም። ተቆጥቻለሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ፉርሽካችሁን ብትከለክሉኝ ሣሩን በእጄ እያጨድኩ አበላታለሁ። ሐሙስ እንግዶቻችሁ ኮከብን ሊያዩ ሲመጡ ዳለቻን ከጎኗ አስሬአት፣ የሁለቱንም መኖና ወተት በሕዝብ ፊት እመዝናለሁ። ሚዛኑን ከእህል ነጋዴው ከጠሃ ተውሼአለሁ፤ እናንተ አትድከሙ።

ለዕውቀትዎ ጥልቀት እጅ እየነሣሁ፣ የሰነፏ ላም ባለቤት
ሱንዱስ አብደላ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ ወንዱን ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ኮከብ ከትናንት ጀምሮ እንደገና ማመስኳት አቁማለች። ለመሆኑ ዳለቻ ቄራ እንድትሄድ የምትፈልጉት ዛሬውኑ ነው፣ ወይስ ኮከብ ከዳነች በኋላ?